አኮርድዮን፣ ጡረታና የዕድራችን መዝገብ



በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ስለ ወርኃዊ መዋጮ፣ ስለ ድንኳንና ስለ አግዳሚ ወንበር፣ ስለ ግምጃ ቤቱ ዕቃና ስለ ቀሪ አባላት ቅጣት ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ ዕድር ዕድር የሆነው በዚሁ ነውና። ነገር ግን አባላት የሚያውቁትን ታሪክ ጽፈው እንዲያቀርቡ ኮሚቴው በፈቀደው መሠረት፣ እኛም በበኩላችን ስለ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ፣ ይኸውም ስለ አኮርድዮን፣ እንዲሁም ከዕድሜያቸው ማምሻ ላይ ወደ መሣሪያቸው ስለ ተመለሱ ሰዎች የምናውቀውን ለማካፈል ብዕራችንን አንሥተናል። ትምህርታችን ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ያገለገልነው በመዝገብ ቤት ነው። ስለዚህ ስሕተት ብታገኙ በወንድምነት አርሙን።

አንዳንዱ አባል ‹‹ደግሞ ዕድርና አኮርድዮን ምን አገናኛቸው?›› ሳይል አይቀርም። ይታገሠንና እስከ መጨረሻው ያንብብልን።

ዕድሜያችን ሃያ ዓመት ሳለ

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ በየቀበሌው፣ በየወረዳውና በየአውራጃው የኪነት ቡድን መቋቋሙን በዕድሜ የገፋን ሁላችን እናስታውሳለን። በክፍለ ሀገር ደረጃ በወሎ ላሊበላ፣ በጎጃም ግሽ ዓባይ፣ በጎንደር ደግሞ ፋሲለደስ የተባሉት ቡድኖች ስማቸው ገንኖ ነበር። እኛ የነበርንበት ግን ከእነዚያ ጋር የሚቆጠር አልነበረም። በ1970 ዓ.ም. አሥራ አራት ወጣቶች ሆነን ስንሰባሰብ የነበረን ሀብት አንድ ከበሮ፣ ሁለት ክራር፣ አንድ ማሲንቆና ሁለት ዋሽንት ብቻ ነው።

አንድ ቀን ከጎንደር በጭነት መኪና የመጣ ጥቁር ሣጥን ተከፈተና ውስጡ ቀይ አኮርድዮን ተገኘ። ማን እንደሚጫወተው የሚያውቅ የለም። እኛ በዚያን ጊዜ የጽሕፈት መኪና መምታት እየተለማመድን ስለ ነበር፣ ሊቀ መንበሩ ‹‹ቁልፍ ያለው ነገር ለጸሐፊ ነው›› ብሎ አሸከመን። እንግዲህ አኮርድዮን ተጫዋች የሆንነው በዚህ ዓይነት ነው።

አንድ በዚያ ያለፈ መምህር ለሁለት ሳምንት ያህል አያያዙንና የጣት አካሄዱን አሳየን። የቀረውን ያስተማረን ማሲንቆ የሚመታው ጓደኛችን ነው። እሱ በማሲንቆው ዜማውን ያወጣዋል፤ እኛ በቁልፉ ላይ ስንፈልገው እናመሻለን። አንዳንዱ ድምፅ ከቁልፎቹ መካከል ይጠፋ ነበር። ማሲንቆ ጣት በፈቀደው ቦታ ድምፁን ያንሸራትታል፤ አኮርድዮን ግን ፋብሪካው ከሰጠው ድምፅ አይወጣም። ‹‹ያንተው መሣሪያ እንደ መንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ከመመሪያው አያልፍም›› እያለ ይስቅብን ነበር።

የአምባ ጊዮርጊስን ብርድ ለእናንተ መንገር አያሻም። በሐምሌ ጉሙ መንገዱን ሲሸፍነው ጣታችን በቁልፉ ላይ እየደነዘዘ እጃችንን በከሰል እያሞቅን እንጫወታለን። ለበዓልና ለስብሰባ በጭነት መኪና ላይ ተጭነን እስከ ዳባትና እስከ ደባርቅ ሄደናል። ምን አለፋችሁ፣ ያን ጊዜ ድካም የሚባል ነገር አናውቅም ነበር።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ቡድኑም ተበተነ። በኋላ ንብረቱ በጨረታ ሲሸጥ አኮርድዮኑን በ85 ብር ገዛነው። ባለቤታችን ‹‹ለልጆቹ ጫማ ይገዛ ነበር›› አለች፤ እውነቷን ነበር። ከዚያ በኋላ ኪነት ውስጥ ነበርን ብሎ ማውራት የሚያስኮራ ነገር አልሆነም። ጓደኛችን ማሲንቆውን ግድግዳ ላይ ሰቀለ፤ እኛም አኮርድዮኑን ቆጥ ላይ አወጣነው። እሱ ወደ እርሻው እኛ ወደ መዝገባችን ሄድን። በየሰንበቱ በቤተ ክርስቲያን፣ በየወሩ በዕድር እየተገናኘን ስለዚያ ዘመን ሁለታችንም አንድ ቀን አንሥተን አናውቅም።

መሣሪያው ከየት መጣ?

አኮርድዮን የፈረንጅ መሣሪያ ቢሆንም አሠራሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቀጥቃጩ ከሰሉን የሚያቀጣጥልበትን ወናፍ ያየ ሰው ግማሹን አውቆታል። ወናፉ ሲሳብና ሲገፋ አየር ይመላለሳል፤ አየሩ በቀጫጭን የብረት ምላሶች በኩል ሲያልፍ ምላሶቹ ይርገበገባሉ፤ ድምፁም ይወጣል። ቀኝ እጅ ዜማውን ሲጫወት ግራ እጅ ወፍራሙን ድምፅ እየሰጠ ወናፉን ይስባል፣ ይገፋል። ትልቁ ዓይነት በቀኝ በኩል 41 ቁልፎች፣ በግራ በኩል 120 አዝራሮች ሲኖሩት፣ ክብደቱ ወደ 10 ኪሎ ይጠጋል። የእኛው አነስተኛው ዓይነት ስለ ሆነ በግራ በኩል ያለው አዝራር 48 ብቻ ነው።

በሚርገበገብ ምላስ ድምፅ ማውጣትን ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት ቻይናዎች ናቸው። በአውሮፓ ግን እ.ኤ.አ. በ1829 ሲሪል ዴሚያን የተባለ የአርመን ዘር ያለው የኦርጋንና የፒያኖ ሠሪ በቪየና ከተማ ‹‹አኮርድዮን›› የሚል ስም የሰጠውን መሣሪያ በስሙ አስመዘገበ። ስሙም የመጣው አንድ አዝራር ሲነካ ብዙ ድምፅ ተስማምቶ ስለሚወጣ፣ ይህንንም አኮርድ ስለሚሉት ነው። ከዚያ በኋላ ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. ከ1863 ጀምሮ በካስቴልፊዳርዶ ከተማ በብዛት ይሠሩት ጀመር። ጀርመኖችም በትሮሲንገን ከተማ በሚገኘው በሆነር ፋብሪካ እየሠሩ በዓለም ላይ በተኑት።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የዘመናዊ ሙዚቃ ታሪክ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠሩት አርባ ልጆች ናቸው። ልዑል አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ወላጆቻቸው ያለቁባቸውን አርባ የአርመን ልጆች የሙዚቃ ጓድ አይተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። መሪያቸውም ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። የእነሱ መሣሪያ የነሐስ ጥሩምባ እንጂ አኮርድዮን አልነበረም። ሆኖም ከዚያ በኋላ በክብር ዘበኛ፣ በጦር ሠራዊትና በፖሊስ የተቋቋሙት የሙዚቃ ክፍሎች ኖታ የሚያነቡ ልጆችን አፈሩ፤ የፈረንጅ መሣሪያም ከሀገር ዜማ ጋር መግባባት ጀመረ።

አኮርድዮንም በዚህ መካከል ቦታ አገኘ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ፒያኖ ተሸክሞ የሚሄድ የለም፤ የኤሌክትሪክ መሣሪያም መብራት ይፈልጋል። አኮርድዮን ግን በትከሻ ይነገታል፤ መብራት በሌለበት ከተማም ያለ ማጉያ ለአንድ አዳራሽ ይበቃል። በ1960ዎቹ ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ኦርጋን በየባንዱ እየበዛ ሲሄድ አኮርድዮን ወደ ጓዳ ገባ። በቆጥ ላይ የቀረው የእኛው ብቻ አይደለም ማለት ነው።

የአቶ ኃይሉ መርጊያ ታሪክ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ኃይሉ መርጊያ በ1938 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አካባቢ ተወልደው በአሥር ዓመታቸው ገደማ ወደ አዲስ አበባ መጡ። አኮርድዮን መጫወት የጀመሩት በ14 ዓመታቸው ሲሆን፣ ያስተማሩትም ራሳቸውን በራሳቸው ነው። ቤተሰብ ለመርዳት ሲሉ ትምህርታቸውን አቋርጠው በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ለጥቂት ጊዜ ቆዩ። ከዚያም አኮርድዮናቸውን ይዘው በየምሽት ክበቡ እየዘፈኑና እየተጫወቱ ኖሩ።

ኋላ ከዋልያስ ባንድ ጋር የኦርጋን ተጫዋች ሆኑ። ባንዱ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ለዓመታት ተጫውቷል። ያ ጊዜ የሰዓት እላፊ ዘመን ነበር። እንግዳው ሰዓቱ ካለፈበት ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል ባንዱም እንግዳውም እዚያው ያነጉ ነበር። በ1969 ዓ.ም. ‹‹ቼ በለው›› የተባለው ሸክላቸው ወጣ። በዚህ ጊዜ አኮርድዮኑ ወደ ጎን ተቀምጦ አቶ ኃይሉ የሚታወቁት በኦርጋናቸው ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1981 ዋልያስ ባንድ ወደ አሜሪካ ሄደ። ጉዞው ሲያበቃ ከፊሎቹ ወደ ሀገራቸው ሲመለሱ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ፤ አቶ ኃይሉም ከቀሩት አንዱ ናቸው። በዋሽንግተን ከተማ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ አጠኑ። እ.ኤ.አ. በ1985 በአንዲት ትንሽ ስቱዲዮ ብቻቸውን ተቀምጠው አንድ ካሴት ቀረጹ። ያን የልጅነታቸውን አኮርድዮን አንሥተው ከሲንተሳይዘር፣ ከኤሌክትሪክ ፒያኖና ከከበሮ ማሽን ጋር አንድ ላይ አጫወቱት። የናፈቃቸው የድሮው የአኮርድዮን ድምፅ ነበር። ካሴቱም ወደ ሀገር ቤት ገብቶ ተሸጠ፤ ጥቂት ቆይቶም እንደ ማንኛውም ካሴት ተረሳ።

እ.ኤ.አ. ከ1991 ገደማ ጀምሮ አቶ ኃይሉ መድረክ ላይ መውጣት አቆሙ። በኋላም ታክሲ እየነዱ በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሰው ማመላለስ ሥራቸው ሆነ። ነገር ግን ከታክሲው የዕቃ መጫኛ ውስጥ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ አይጠፋም ነበር። ተራቸው እስኪደርስ ወረፋ ሲጠብቁ ኪቦርዳቸውን አውጥተው ታክሲው ውስጥ ይለማመዳሉ።

ውድ አንባብያን፣ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንበል። አጨብጫቢ የለም፤ ከፋይ የለም፤ ‹‹ጎበዝ›› የሚል የለም። ከሃያ ዓመት በላይ ያልተጋበዘ ሰው በወረፋ መካከል ጣቱን ያፍታታል። እሳቸው የተዉት መድረኩን ነው እንጂ መሣሪያቸውን አይደለም። እኛ ግን መድረኩ ሲፈርስ መሣሪያውንም ተውነው። በእሳቸውና በእኛ መካከል ያለው ልዩነት፣ ከችሎታው ሌላ፣ ይህ ነው።

በ2005 ዓ.ም. የሆነውን ደግሞ ስሙ። የአፍሪካ ካሴት የሚሰበስብ ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ እዚሁ ክልላችን ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ካሴት ቤት ያን የተረሳ ካሴት አገኘ። ሰምቶ ተገረመና ባለቤቱን አፈላልጎ በስልክ አገኛቸው። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ካሴቱ እንደ ገና ታትሞ በአውሮፓና በአሜሪካ ተሰማ። ያን ጊዜ አቶ ኃይሉ 67 ዓመታቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች እየተጋበዙ ተጫውተዋል። በየካቲት 2010 ዓ.ም. ‹‹ላላ በሉ››፣ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ደግሞ ‹‹የኔ ምርጫ›› የተባሉ አዳዲስ አልበሞች አወጡ። በመካከሉም ከጉዞ ሲመለሱ ታክሲያቸውን ይነዱ ነበር።

አበው ‹‹ካረጁ አይበጁ›› ብለዋል። አበው ቢሉም፣ እንግዲህ በ72 ዓመት አዲስ አልበም ያወጣ ሰው ምን ሊባል ነው?

ከቆጥ ላይ ማውረድ

ነገሩ ሲገጥም እኛም ጡረታ የወጣነው በዚያው በ2010 ዓ.ም. ነው። ጡረታ የወጣችሁ ታውቁታላችሁ፤ ያልወጣችሁም ትደርሱበታላችሁ። ጠዋት በለመድነው ሰዓት ተነሥተን፣ ፊታችንን ታጥበን፣ ሸሚዛችንን ለብሰን፣ በሩ ጋ ስንደርስ የምንሄድበት የለም። መንገድ ዳር ቆመን የደባርቅ አውቶቡስ ሲያልፍ እያየን እንመለሳለን። ባለቤታችን ‹‹ምነው ቤቱ ውስጥ ሰው በዛ›› እስከ ማለት ደረሰች።

አንድ ቀን ከጎንደር ለበዓል የመጣው ልጃችን ቡና ሲፈላ ስልኩን ከፍቶ ሙዚቃ አሰማን። አኮርድዮን ነው። ማን እንደሚጫወት፣ ታሪኩም ምን እንደ ሆነ እየነገረን ሳለ እጃችን በጉልበታችን ላይ መንቀሳቀስ ጀምሮ ኖሯል። ልጁም አይቶን ‹‹አባዬ፣ ይኼን መሣሪያ ታውቀዋለህ እንዴ?›› አለን። ‹‹ቆጥ ላይ ያለው ነው›› አልነው። ልጃችን ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው፤ አባቱ የሙዚቃ ሰው እንደ ነበር የሚያውቀው ነገር የለም። በዚያ ሣጥን ውስጥ የመዝገብ ወረቀት ያለ ይመስለው ነበር።

ሣጥኑ ወርዶ ሲከፈት ጉድ ታየ። አይጥ የወናፉን እጥፋት በልታዋለች፤ የትከሻው ጠፍር ተቆራርጧል፤ ሦስት ቁልፎች ተጣብቀዋል። አኮርድዮንን ሁለት ነገር ያጠፋዋል፤ አንዱ እርጥበት ሲሆን ምላሶቹን ያዝገዋል፤ ሁለተኛው ዘመን ሲሆን ምላሶቹን የያዘውን ሰም አድርቆ ይሰነጣጥቀዋል። የእኛው ሁለቱም ደርሶበታል። አንድ ጫማ ሰፊ ወዳጃችን በስስ የበግ ቆዳና በማስቲሽ ወናፉን ደፈነልን፤ ጠፍሩንም ሰፋልን። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሳብ የወጣው ድምፅ የታመመች ጥጃ ድምፅ ነው። ባለቤታችን ‹‹የልጆቹን ጫማ የበላው ይኼ ነው?›› ብላ እስክታነባ ሳቀች። እስከ ዛሬም አንድ ቁልፍ አይሠራም።

ጣታችንስ? ጣታችንም እንደ ወናፉ ነበር። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ ደጃፍ ላይ ወጥተን ለሩብ ሰዓት ያህል እንሞክራለን፤ ከዚያ በላይ ትከሻችን እሺ አይልም። ለጀማሪም ለእኛ ብጤ ለረሳም የሚጠቅም አንድ ዘዴ እንንገራችሁ። በአኮርድዮንም በፒያኖም ላይ ጥቁሮቹ ቁልፎች ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ሆነው ተደርድረዋል፤ ሁለቱና ሦስቱ አምስት ናቸው። የእኛም ቅኝቶች፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ አላቸው። ከሦስቱ ጥቁሮች ከመጀመሪያው ተነሥቶ ነጩን ሳይነካ በጥቁሮቹ ብቻ ወደ ላይ የሚሄድ ጣት፣ የትዝታን ሙሉውን ቅኝት ያገኘዋል። ፋብሪካው ያለው ኢጣሊያ ወይም ጀርመን ይሁን፣ ትዝታ ግን እዚያው ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል።

በስድስት ወራችን አንድ ነገር ሆነ። ዓይናችንን ጨፍነን ስንጫወት፣ ጭንቅላታችን የረሳውን ዜማ እጃችን አስታወሰው። ማሲንቆ መቺው ጓደኛችን ያወጣው የነበረ ዜማ ነው። የእኛን ፋንታ ጨርሰን፣ እሱ የሚቀበልበት ቦታ ላይ ስንደርስ ዝም አልን። ልማድ ሆኖብን ማሲንቆውን እየጠበቅን ኖሯል። ጓደኛችን ግን በ2009 ዓ.ም. ዐርፏል፤ የቀበረውም ይኸው ዕድራችን ነው።

ደስታው ምን ይመስላል ብትሉን፣ ወጣትነት የተመለሰ አይምሰላችሁ። ጉልበታችን ያው ነው፤ ዓይናችንም ያው ነው። ነገር ግን ጠዋት ስንነሣ የምንሄድበት አለ፤ ደጃፋችን ድረስ ብቻ ቢሆንም።

ሐሜቱና መልሱ

ሐሜት ግን አልቀረልንም። ‹‹ሽማግሌ ሰው፣ ያውም የዕድር መዝገብ ያዥ፣ ደጃፍ ላይ ወናፍ ሲነፋ ይውላል›› ተባለ። ‹‹ዕድሜ ለንስሐ›› እንጂ ለዘፈን ነው ወይ ያሉንም አሉ። እኛም በክፉ አላየነውም፤ እውነት የተቀላቀለበት ነገር ነውና። ስለዚህ ሁለት ነገር እናንሣ።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን የማታውቁ ብትኖሩ እወቋቸው። በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተወለዱ ሲሆን፣ አባታቸው ገብሩ ደስታ የጎንደር ከንቲባ የነበሩ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው በስዊስ አገር፣ ኋላም በካይሮ ሙዚቃ ተምረዋል። ከዚያ ሁሉንም ትተው ወደ ግሸን ማርያም ገብተው መነኰሱ፤ ዐሥር ዓመት ያህልም ያለ ፒያኖ በዚያ ኖሩ። ከገዳሙ ሲወጡ ወደ ፒያኖው ተመለሱ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በዚሁ በጎንደር ተቀምጠው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ፣ የቆሎ ተማሪዎች የሚበሉትና የሚያድሩበት አጥተው በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲተኙ አዩ። የሚሰጡት ገንዘብ ስላልነበራቸው ሙዚቃቸውን ሰጡ። ጀርመን አገር የመጀመሪያውን ሸክላ አሳትመው ገቢውን ለችግረኞች አዋሉት። በመጨረሻም ኢየሩሳሌም በገዳም ሲኖሩ ቆይተው በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። መነኵሲት ናቸው፤ ፒያኖም ይጫወቱ ነበር። ንስሐውና መሣሪያው አልተጣሉም።

ሁለተኛው ከኩባ ነው፤ ኩባዎችን በዚያ ዘመን ያላወቀ የለምና። ሩቤን ጎንዛሌዝ የተባሉት የሀቫና ፒያኖ ተጫዋች ጡረታ ወጥተው፣ ጣታቸውን ቁርጥማት ይዞት፣ ቤታቸውም ፒያኖ ሳይኖር ተቀምጠው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996፣ በ76 ዓመታቸው፣ ለቀረጻ ተጠርተው ‹‹ቡዌና ቪስታ ሶሻል ክለብ›› በተባለው ዓለም ባወቀው አልበም ላይ ተጫወቱ። በዚያው አልበም ከዘፈኑት አንዱ ኢብራሂም ፌሬር ሲጠሩ ጫማ በመጥረግ ይተዳደሩ ነበር። ሁለቱንም ያስጠራቸው አንድ ነገር ነው፤ የሚያስታውሳቸው ሰው መኖሩ።

ስለ ሐዘን ግን ሐሜተኞቹ ልክ ናቸው። የሐዘን ቤት ባለበት ሰፈር አኮርድዮን አይከፈትም፤ ይህን ሕግ ማንም ሳይነግረን ይዘነዋል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ እስከ ዳባት አካባቢ ደርሶ አገሩ ሁሉ በሐዘን ሲመታ ሣጥኑን ዘጋነው፤ ከዓመት በላይም አልከፈትነውም። በዚያ ወራት በመንደራችን የሚነፋው የዕድር ጡሩምባ ብቻ ነበር። እሱም ዕረፍት አላገኘም።

ስለ መዝገቡ

አሁን ዕድርና አኮርድዮን ወደሚገናኙበት ደረስን።

ሣጥኑን እንደ ገና ከከፈትን በኋላ አንድ ጠዋት የጓደኛችን ባለቤት ወደ ገበያ ስታልፍ ሰምታን ቆመች። ነጠላዋን አስተካክላ ‹‹ወንድሜ፣ ይኼ የእሱ አይደለም ወይ?›› አለችን። ‹‹የእሱ ነው›› አልናት። እስክንጨርስ ሰምታ፣ ‹‹ልጆቹ እኮ አባታቸው ማሲንቆ ይመታ እንደ ነበር አያውቁም። አንተም በቀብሩ ቀን አላነሣኸውም›› ብላን ሄደች።

ይህ ነገር ቆርጦ የሚገባ ነገር ነው። በቀብሩ ቀን የተነበበውን የሕይወት ታሪክ የጻፍነው እኛ ነን። የትውልድ ዘመኑን ጻፍን፤ ጋብቻውን ጻፍን፤ የልጆቹን ቁጥር፣ በዕድሩ ያገለገለበትን ዘመን፣ የመልካም ጠባዩን ነገር ጻፍን። ማሲንቆውን ግን አልጻፍንም። ረስተነው አይደለም፤ ጽሑፉን ስንጽፍ ትዝ ብሎናል። ግን ‹‹የኪነት ነገር አሁን ምን ያደርጋል፣ የልጅነት ጨዋታ ነው›› ብለን ተውነው። አብሮት የተጫወተ አንድ ሰው በቀረበት ቀብር፣ ያ አንዱ ሰው ዝም አለ። እኛ ራሳችን ያፈርንበትን በእሱ ላይ ዘጋንበት። ይቅርታ የምንጠይቀው ለሟች ስለማይደርሰው፣ ለባለቤቱና ለልጆቹ በዚህ መጽሔት ላይ በይፋ ይቅርታ እንጠይቃለን። ማሲንቆ ይመታ ነበር፤ ጎበዝ መቺ ነበር።

የዕድራችንን መዝገብ ተመልከቱት። ተራ ቁጥር አለው፤ ስም ከነአባት አለው፤ የቤተሰብ ብዛት አለው፤ መዋጮ አለው፤ የዕረፍት ቀን አለው። አባሉ በሕይወቱ የሚያውቀው ምን ነበር የሚል ዐምድ የለውም። በመዝገብ ቤት ሠላሳ ስምንት ዓመት ስንሠራ የተማርነው አንድ ነገር ቢኖር፣ ዐምድ ያልተሠራለት ነገር እንዳልነበረ መቆጠሩን ነው። የባሕር ዳሩ ካሴት ቤት ያን ካሴት ባያስቀምጠው ኖሮ የአቶ ኃይሉን አኮርድዮን ዛሬ ማን ያነሣው ነበር?

ስለሆነም ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ የሚከተለውን ሐሳብ በአክብሮት እናቀርባለን። አንደኛ፣ በመዝገቡ ላይ ‹‹የሚያውቀው ሙያና ጨዋታ›› የሚል አንድ ዐምድ ይጨመር። ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ በገና፣ ቅኔ፣ ሽለላና ቀረርቶ፣ ሽመና፣ የስፌት ሥራ፣ ሁሉም ይግባበት። ሁለተኛ፣ ይህ ዐምድ የሚሞላው ባለቤቱ በሕይወት ሳለ፣ ከራሱ አፍ ተጠይቆ ይሁን። ሦስተኛ፣ በግድግዳም በቆጥም ላይ አሮጌ መሣሪያ ያለው አባል ያውርደውና ይሞክረው፤ ወናፉ የተበሳበት ቢኖር ጫማ ሰፊው ወዳጃችን ልምድ አግኝቷል። ወጪ የሚጠይቀው የመጀመሪያው ብቻ ሲሆን፣ እሱም የአንድ ማስመሪያና የአንድ እስክሪብቶ ወጪ ነው።

እኛም ጉባኤው እስኪወስን ድረስ፣ ሥልጣናችንን አልፈን እንዳይባል፣ በመዝገቡ ዳር በእርሳስ ሁለት መስመር ብቻ ጽፈናል። በጓደኛችን ስም ትይዩ ‹‹ማሲንቆ›› ይላል። በራሳችን ስም ትይዩ ደግሞ ‹‹አኮርድዮን፤ አንድ ቁልፍ አይሠራም›› ይላል።

እግዚአብሔር ለሁላችን ዕድሜና ጤና ይስጥልን።